ወይዘሮ ይድገሙት

ለሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ከበሯ ውጭ ግን ሁሉም «ወይዘሮ ይድገሙት» ነው የሚላት። ማንኛውም ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታየዋለች፣ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትጭርበታለች፣ ከዚያ «ይድገሙት» ትላለች። ለጥበቃውም ለጽዳቷም «እርስዎ» ነው የምትለው፤ አክብሮቷን እንጂ ምሕረቷን ያየ የለም።

በትምህርት እረፍት ላይ ዩኒቨርሲቲው አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ ለልምምድ ላከላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ወንበር የተሰጠው የሁሉንም ክፍያ ከምታሰላው ከደመወዝ ሠራተኛዋ አጠገብ ነበር። እሷ ደግሞ ያየችውን ካልተናገረች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት፤ ልጁን ገና ከመጀመሪያው ቀን ወደደችው።

«ስማ ልጄ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ቤት ሥራው አይከብድም። የሚከብደው ያ በር ነው።» በአገጯ የኃላፊዋን በር አሳየችው።

«እሺ፣ እትዬ» አለ ልጁ እየሳቀ።

እውነትም ከበደ። የሌላው ሰው ወረቀት አንዴ ከተመለሰ የልጁ ደጋግሞ ይመለሳል። ከባንክ የመጣውን ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይገባል፤ «ይድገሙት»። አስተካክሎ ይገባል፤ አሁንም «ይድገሙት»። ልጁ ግን አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረም። ጠዋት ወይዘሮ ይድገሙት ቢሮውን ከፍታ ሳትቀመጥ እሱም ይደርሳል፤ ማታም እሷ ካልወጣች አይወጣም። የደመወዝ ሠራተኛዋ ይህን የሚያደርገው በፍርሃት ነው ብላ ደምድማለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ሰማያዊ ክዳን ያለውን የምሳ ዕቃውን ይከፍትና ያካፍላታል። ሩዝ በካሮት ብቻ እንኳ ቢሆን እጅ ያስቆረጥማል።

«እናትህን እጅሽ ይባረክ ብላለች በላት።»

«አደርሳለሁ።»

«ደግሞ ያቺ አለቃችን ልጅሽን ቁም ስቅሉን እያሳየችው ነው በላት። ልቧ በነበረበት ቦታ ካልኩሌተር ነው የተገጠመላት በላት።»

«እሱንም አደርሳለሁ» አለ ልጁ፤ ሳቁን ሲያፍን ሩዙ ትን አለው።

በማግስቱ መልሱን ይዞ መጣ። «እናቴ ‹ሴትዮዋም የራሷ ምክንያት ይኖራታል› ብላለች።»

«አይ የዋህነት!» አለች የደመወዝ ሠራተኛዋ። «መጥታ ብታያት ነበር!»

አንድ ቀን ልጁ ከላይኛው መደርደሪያ አሮጌ ፋይል ለማውረድ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወጣ። የኃላፊዋ በር ብርግድ አለ።

«ውረድ! አንተ ልጅ፣ አንገትህን ልትሰብር ነው?»

ልጁ ወረደ፣ በሩም ተዘጋ። ለጥበቃው «እርስዎ» የምትል ሴት ይህን ልጅ «አንተ» አለችው! የደመወዝ ሠራተኛዋ ንቀቱ በራሷ ላይ የደረሰ ያህል ቆጠቆጣት። በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ትኩሳት ይዞት ቀረ። ያን ዕለት ወይዘሮ ይድገሙት ያገኘችውን ሁሉ ስታስደግም አረፈደችና፣ ቀርታ የማታውቀው ሴትዮ ከምሳ በኋላ ጠፋች።

«አየሽ» አለች የደመወዝ ሠራተኛዋ ለጽዳቷ። «የምታሠቃየውን ስታጣ ሥራውም አስጠላት።»

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል የግምገማ ወረቀቱ መጣ። ያ ወረቀት ካልተሞላ ልጁ አይመረቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ሊቀመጥ ነው። ወደ ኃላፊዋ ይዞ ገባ፣ ባዶውን ይዞት ወጣ።

«አልሞላም አሉኝ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

የደመወዝ ሠራተኛዋ ደሟ ፈላ። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ግፍ ነው፣ ጌታዬ! ልጁ ሥራውን ጥንቅቅ አድርጎ ነው የሚሠራው። የራሷ ልጅ ቢሆን እንዲህ ታደርግ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ወደ መስኮቱ ተመለከተ። «እርስዎ ይሙሉት» አላት። «አጠገቡ ሆነው ያዩት እርስዎ ነዎት። ኃላፊዋም ገና ልጁ ሲመጣ ሌላ ሰው ይገምግመው ብለውኝ ነበር።»

«ዓይኑን ማየት ስለማትፈልግ ነዋ!»

ሞላችው። ብትወደውም አልዋሸችም፤ ጠረጴዛውን ስለሚያዝረከርክ በንጽሕና ላይ ነጥብ ቀነሰችበት። በሥራ ጥራት ግን ሙሉውን ሰጠችው፤ ያን ሁሉ ከደጋገመ በኋላ ስህተት ከየት ይምጣ? ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት፣ ማኅተሙም አረፈበት። ልጁ አንገቷን አቅፎ ጉንጯን ሳማት።

«እትዬ፣ እናቴ ዛሬ ልታመሰግንዎት ትፈልጋለች። ስንወጣ በሩ ላይ ይጠብቁን።»

በደስታ ቀድማ ወጥታ ቆመች። ለእናትየው የምትነግራትን ሁሉ፣ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ባዶው ወረቀትም፣ በልቧ ደረደረች። ሠራተኛው እየተንጠባጠበ ወጥቶ አለቀ። ከዚያ በደረጃው ወይዘሮ ይድገሙት ብቅ አለች፤ ልጁም ከኋላዋ።

«አሁን ምን አመጣት!» አለች የደመወዝ ሠራተኛዋ በሆዷ። «ምናለ እናቱ ከመድረሷ በፊት ብትሄድልኝ!»

ኃላፊዋ ግን ፊቷ መጥታ ቆመች። ቦርሳዋን ከፍታ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ጢም ብሎ የሞላ የምሳ ዕቃ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«መልእክትዎ በየማታው ይደርሰኝ ነበር» አለች ወይዘሮ ይድገሙት፤ «ስለ እጄም፣ ስለ ልቤም።»