አባባን ለማሳቅ

ጠራቢው መሮውን የአባቱ ግራ ዓይን ላይ ደግኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው መስታወት የራሱን ዓይን ያጠናል። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬም መልሶ ያፈጥበታል። በሁለቱም ፊት ላይ የፈገግታ ዘር የለም።

በዓለም ላይ እንደ እሱ ያለ እንጨት ጠራቢ የለም። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ ግን ሳይታክት ስለሚለው ሰፈሩ ማስተባበሉን ትቶታል። የጠረበውን ዶሮ ልትነጥቅ የመጣች ድመት ጥርሷን አራግፋ ተመልሳለች። የጠረበው ፈረስ በር ክፍት ካገኘ ይጠፋል፤ በገመድ የታሰረውም ለዚህ ነው። አልገራለት ያለው አንድ ነገር ቢኖር ዓይን ነው።

ስለዚህ ተለማመደ። እንደ ሰው በቁራጭ እንጨት ላይ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቁራጩ ሲያልቅበት የወንበር እግር ላይ፣ የመጥረጊያ እጀታ ላይ፣ የቁም ሣጥኑ በር ላይ ዓይን ቀረጸ። እዚያ ቤት ውስጥ ሳይታዩ ካልሲ መቀየር አይቻልም። የእናቱን ምርኩዝ እንኳ አልማረም።

«እኔ ባላይ ምርኩዜ ያያል» ይላሉ እናትየው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እየዳበሱት። ዓይናቸው ከደከመ ሰነባብቷል። የሟች ባላቸውን ፎቶ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ጉም ብቻ የሆነባቸው ዕለት፣ «እንግዲህ ፊቱን ጠርበህ በእጄ ስጠኝ» አሉት ልጃቸውን።

ሰጣቸው። የመጀመሪያውን ዳበሱና፣ «ይሄ ዳኛ ነው። ሳልከሰስ ፈረደብኝ» አሉ። ሁለተኛውን ዳበሱና፣ «ይሄ ደግሞ ሊያስነጥሰው ነው፤ መሐረብ ስጡት» አሉ። አሁን በእጁ ያለው ሦስተኛው ነው። አባትየው ከተከሉት ዝግባ የተረፈው ጉማጅ እሱ ብቻ ነው፤ እንጨት ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ እንደ ፀጉር አይበቅልም።

«አባትህ ሊቀጥፍ ሲል ዓይኑ ቀድሞት ይስቅ ነበር» አሉ እናትየው፣ ይህንኑ ስንቴ እንዳሉት እግዜር ይወቅ። «እሱን አምጣልኝ።»

«መንገድ ላይ ነው እማዬ፤ ደርሷል!» አለ። መሮው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

በሩ ተበረገደና ታላቅ እህቱ ገባች። ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል የወንበሩ እግር አፍጥጦ ሲያያት ቀሚሷን ሰብስባ ብድግ አለች።

«ምነው አንተ! እዚያ ሥር ምን የሚታይ ነገር አለ?»

«ተቀመጪ እትዬ፣ እሱ ጨዋ ነው። ባለጌው ያኛው ነው» አለ፣ በአገጩ ሌላውን ወንበር እያሳየ።

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቁ ቀደማት።

ያኔ ከመስታወቱ ዘወር ብሎ አየው። ሳቅ የሚነሳው እሱ ሲፈልገው ከከረመበት ከላይኛው የዓይን ቆብ አይደለም። የእህቱ የታችኛው የዓይን ቆብ እንደ ትንሽ ትራስ አበጠና ወደ ላይ ተገፍቶ የብሌኗን ሥር ሸፈነው፤ ግራው ደግሞ ከቀኙ ባሰ። አባባ! ለካ እዚህ፣ እህቱ ፊት ላይ ቁጭ ብለዋል። መስታወቱማ ሲሰጠው የከረመው ትንፋሹን የዋጠ ሰው ዓይን ነበር።

«እንዳትነቃነቂ! ሳቂ!»

«ሰው ታዞ ይስቃል እንዴ?»

የዓይኗ ትራስ መሟሸሽ ጀመረ። ጠራቢው ክው አለ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠለጥንበት ወደኖረው ሌላው ሙያው ገባ።

«ባለፈው አንድ ዓሣ ጠርቤ» አለ፣ መሮውን ቀስ አድርጎ ከታችኛው ቆብ ሥር እያስገባ፣ «የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ብነክረው በቧንቧው ሾልኮ ሄደልሽ። ይኸው እስከ ዛሬ የሰፈሩ ውኃ የሚቆራረጠው በእሱ ነው።»

«ውሸታም!» ሳቋ ተመለሰ።

«የውኃ ሠራተኞቹ መጥተው ለመኑኝ። ‹አንተ ጥራልን፣ የጌታውን ድምፅ ያውቃል› ብለው።»

«እሺ፣ ጠራኸዋ?»

«ጠራሁት። ኩሩ ነው፣ አልወጣም። ‹ዓይኔን ሳትጨርስልኝ ወርውረኸኛል› ብሎ አኩርፏል።»

እህትየው ወንበሩን ጨብጣ ተንፈቀፈቀች። እሷ በሳቀች ቁጥር እሱ ቀና ብሎ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ይጠርባል። ስስ ፍቅፋቂ ከመሮው አፍ እየተጠቀለለ ወደቀ። የብሌኑን ጉድጓድ ሲቆፍር ከላይ በኩል የሰሊጥ ፍሬ የምታህል እንጨት ሳይነካ ተወ፤ ብርሃን መጥቶ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አሁን ትንፋሹን አልዋጠም፤ ለመዋሸት ትንፋሽ ያስፈልጋል።

«ኧረ አምጡት ልዳብሰው» አሉ እናትየው፣ ሳቁ ሲበዛባቸው።

ጠራቢው ፍቅፋቂውን እፍ ብሎ የእንጨቱን ፊት ጭናቸው ላይ አኖረላቸው።

አውራ ጣታቸው ከግንባር ወረደ፣ ቅንድቡን አለፈ፣ ቀኝ ዓይን ላይ ትንሽ ቆየ። ግራው ዓይን ሥር፣ እዚያች ትራስ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እህትየው ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ጣታቸው ትራሷ ላይ አንዴ ሄደ፤ ተመልሶም መጣ።

«ደግሞ ምን ልትቀጥፍ ነው፣ አንተ ሰውዬ?» አሉና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን የእንጨቱ አፍ ላይ ለጠፉ።

ሦስቱም ቅጥፈቱን ጠበቁ፤ የወንበሩ እግርም፣ የመጥረጊያው እጀታም፣ ምርኩዙም።