ስምንት ኪሎ ሜትር

የመኪናዬ የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ብሎ ሦስት ጋራዥ ዞርኩ፤ ሦስቱም ዕቃ ቀይረው መብራቱን ተዉልኝ። አራተኛው መካኒክ መመርመሪያ ኮምፒውተሩን መኪናው ላይ ሰክቶ የብልሽት መዝገቡን አነበበ። ወደ ቤቷ የማደርሳት እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ብልሽቱ የተመዘገበበት ኪሎ ሜትር አሁን ቆጣሪው ላይ ካለው በስምንት ይበልጣል።»

«ገና ባልነዳሁት መንገድ ላይ ተበላሸ?»

«በዘጠና ፍጥነት እየሄደ ሞተሩ ጠፍቷል ይላል።»

«መጀመሪያ ያንን ኮምፒውተርህን አሳክመው!» ብዬ ጮህኩበት።

መዝገቡን ሰርዞ እንደገና አነበበ። ብልሽቱ ተመልሷል፤ ልዩነቱ ግን ሰባት ሆኗል። መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ነቅዬ የኋላውን በር ከፈትኩ።

«እማዬ፣ ቶሎ ውረጂ!»

እናቴ ከመስኮቱ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊት ታያለች።

«ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ ልጄ» አለችኝ፤ «ምን ያስቸኩልሃል?»