ፀሐይ የወጋው ዓይን

የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች ለገጸ ባሕርያቸው የወሰዱት ፎቶ የእነሱ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ፎቶው ከየቤቱ ግድግዳ በራሱ ይጠፋል። የብርዛፍ ሟች ልጅ የትርሲት ፎቶም እንዲሁ ጠፋ። ማንም አላስፈቀዳትም። ብርዛፍ ግን ባዶውን ፍሬም ዛሬም ዳንቴል ታለብሰዋለች።

ልጇ ስትናፍቃት ጌሙን ታስከፍታለች።

ስክሪኑ ላይ ትርሲት ከፍርስራሽ ጀርባ ብቅ አለች። ጠመንጃ አስይዘዋታል። ግራ ዓይኗን ጨፍናለች። በእህቷ በመቅደላዊት ሠርግ ላይ ፎቶ ስትነሳ ፀሐይ ወግቷት የጨፈነችው ዓይን ነው፤ ጌም ሠሪዎቹ ግን ለማነጣጠር የጨፈነችው አስመሰሉት።

«እማዬ፣ ተኩሺ እንጂ! ትገድልሻለች እኮ!» አለች ከብርዛፍ አጠገብ የተቀመጠችው መቅደላዊት።

«በገዛ ልጄ ላይ? አፍሽን ያዢ!»

«እሷ አይደለችም እኮ፤ መልኳ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ከመልኳ ሌላ ምን ተረፈኝ?»

ብርዛፍ እጇን ስትዘረጋ ጌሙ ውስጥም እጇ ተዘረጋ፤ ይዛው የነበረው ጠመንጃ ወደቀ። መዳፏን ወደ ትርሲት ግንባር አስጠግታ፣ ልትደርስ ስትል የትርሲት ጥይት መታት። ስክሪኑ ጨለመ።

መቅደላዊት አንገቷን አቀረቀረች።

«በይ መልሰሽ ክፈቺልኝ» አለች ብርዛፍ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ፀሐዩን ልከልልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።»