ባዶው ሰሌዳ

እሑድ ጠዋት ከኤዲትበርግ ወደብ የተነሳችው ጀልባ አሥር ሰው ጭናለች። ስምንቱ የጠላቂዎች ክበብ አባላት ናቸው። ዘጠነኛው ካፒቴን ስታቭሮስ ነው። አሥረኛዋ ብሪዲ ናት። እሷ አትጠልቅም፤ ባሏ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ለክበቡ ሾርባና ሻይ ይዛ ትወጣለች።

ባሏ ላክላን አምና በዚሁ ወር ከባሕሩ ሥር፣ «ብራምብል» በምትባለው የሰመጠች መርከብ ሆድ ውስጥ ቀረ። አብሮት የወረደው ኔቪል ነበር።

ዛሬም ኔቪል መጥቷል። የሚያናግረው የለም። ቅዳሜ ክበቡ ወደቡ አጠገብ ሲሰፍር ድንኳኑን ሲተክል ገመድ የያዘለት አልነበረም። ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወንበሩ ሁሉ በቦርሳ ተያዘበት። ከካቢኑ ማዶ፣ ፊተኛው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

«እዚያው ይሁን» አለ የላክላን ወንድም ዳርሲ፣ እንዲሰማ አድርጎ። «መልሕቅ ሲጣል ምናልባት አብሮ ይሄድልን ይሆናል።»

ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ወደብ ሲመለሱ ኔቪል ከክበቡ ይባረር አይባረር ብለው እጅ ያወጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት ክበብ ነው። ከተባረረ ነፍሰ ገዳይ የሚለው ስም እስኪሞት አይለቀውም።

ነገሩ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው። ካቢኑ ግድግዳ ላይ ምስማር የተመታበት ሰሌዳ አለ። የሚወርድ ሰው ቁጥሩ የተቀረጸበትን ናስ እዚያ ይሰቅላል፤ ሲወጣ በገዛ እጁ አውርዶ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። የሰው ቁጥር አይነካም። አምና ኔቪል ሲወጣ የላክላን ቁጥር አራት ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ቀድሞኝ ወጥቷል ብዬ ዝም አልኩ አለ። ላክላን እንደሌለ የታወቀው ጀልባዋ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው።

ማንም አላመነውም። በዚያው ሳምንት ሁለቱ የሰመጠችውን መርከብ ደወል እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ እኔ ነኝ ተባብለው ክበቡ በር ላይ ተያይዘው ነበር። የጠላቂዎቹ ቦርሳ አንድ በአንድ ተፈተሸ፤ ቁጥር አራት አልተገኘም። ኔቪል ባሕር ውስጥ ወርውሮታል ተባለ።

ብሪዲ አሥር ኩባያ ደርድራ የዱባ ሾርባ ቀዳች። አጭር እጅጌ ለብሳለች። ላክላን ሳለ ክረምት ከበጋ ክንዷን የሚደብቅ ረጅም እጅጌ ነበር የምትለብሰው። አሥረኛውን ኩባያ ይዛ ወደ ፊተኛው ጫፍ ሄደች።

«አንቺ እንኳ ተይኝ፣ ብሪዲ። ያዩሻል።»

«ይዩኛ። ሳይበርድ ጠጣ።»

ኔቪል ጠጣ። «እኔ አልነካሁትም። እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። እኛ ሁላችን ውሃ ውስጥ ነበርን፤ ቁጥሩ ደግሞ እግር የለውም።» ወደ ካፒቴኑ በጎን አየ። «እሱ ተኝቼ ነበር ይላል። እውነት ተኝቶ ነበር? ፖሊስ እንደገና ይመርምረው ነው የምለው።»

«ልክ ነህ» አለች ብሪዲ። አንድ እጇ ከሽርጧ ኪስ አልወጣም። በሌላው ኩባያውን ተቀበለችው።

ከሰመጠችው መርከብ በላይ ደረሱ። ሰው ሁለት ሁለት ሲሆን ኔቪል ብቻውን ቀረ። ዳርሲ ብድግ አለ።

«እኔ ከሱ ጋር እወርዳለሁ።»

«ዳርሲ፣ ጠብ አልፈልግም» አለ ካፒቴኑ።

«ምን ጠብ አለው? ወንድሜ የቀረበትን ክፍል ያሳየኝ ነው ያልኩት።»

ኔቪል ቁጥር ሰባትን ሰቀለ። ዳርሲ ከጎኑ ቁጥር ሁለትን ሰቀለ። «ፊትህን እንዳላይ ከፊቴ ሂድ» አለው።

ወረዱ። ካፒቴኑ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ጋደም አለ። ብሪዲ ኩባያ አጠበች፣ ፎጣ አሰጣች፣ ካቢኑን ጠራረገች።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጠላቂዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጡ ጀመር። ዳርሲ የወጣው ብቻውን ነው። ቀኝ ጓንቱ ተቀዷል።

«ምን ሆነ ጓንትህ?» አለው አንዱ።

«ዝገት ነው።» ፊቱ አመድ መስሏል። «ጭቃው ተነሳብንና... ኔቪል...» ብሎ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ቁጥር ሰባት የለም። አፉን ዘጋ። በረጅሙ ተነፈሰና የራሱን ቁጥር አወረደ። «ትቶኝ ወጥቷል፣ ውሻ!»

ከአምናው ወዲህ ካፒቴኑ ስም ይጠራል። ሰው ስለ ራሱ አይመልስም፤ አብሮት የወረደው ነው የሚመልስለት።

«ኔቪል?»

ዳርሲ ወደ ፊተኛው ጫፍ አንገቱን እንኳ አላዞረም። «አለ። የት ይሄዳል ብለህ ነው!»

«እሾህ መች ይሞታል» አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ሰሌዳው ባዶ ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሳ።

ብሪዲ ሾርባውን አሙቃ ቀዳች። ዘጠኝ ኩባያ ሞላ። ማሰሮውን ደፍታ አየችው፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ ዳርሲ ኩባያውን ሲቀበል። ጆሮውን ጣል አደረገ። «ምንድን ነው የሚንቃጨለው?»

«ሳንቲም ነው» አለች። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ቁጥር አራትንና ቁጥር ሰባትን አንድ ላይ ጨበጠቻቸው፤ ድምፃቸው ጠፋ።