ሰባት ባር

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የጎማ ንፋስን ከባር ወደ ኪሎ ፓስካል እንደኔ የሚለውጥ ካለ ይምጣ! አንዱ ባር መቶ ነው፤ ሰባቱ ሰባት መቶ። ይህን ለማወቅ አስራ ሁለተኛ መጨረስ አያሻም፤ እኔ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ሰባተኛ ነበርኩ።

ሹፌሩ ጋሽ ክንዱ ግን አልገባው ብሏል። በቆሎ የጫነ አይሱዙውን የአጎቴ ጎሚስታ በር ላይ ገትሮ፣ አናቴ ላይ ቆሞ ይጮሃል።

"ሰባት ባር ነው ያልኩሽ!"

"ሰባት ባር ነው የሞላሁልዎት።" የንፋስ መለኪያውን አፍንጫው ስር አስጠጋሁለት። መስታወቱ ላይ ያለችውን ስንጥቅ በአውራ ጣቴ ሸፈን አድርጌያታለሁ፤ ጠዋት ከእጄ አምልጦ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ያየኝ የለም። "ይኸው ሰባት መቶ። ለመቶ ያካፍሉት። ካቃተዎት በጣትዎ ይቁጠሩ።"

አጎቴ ጎማ ከሚፈታበት ቀና አለ። ባለ ባሩ መለኪያ ተበላሽቶ ይሄ ባለ ኪሎ ፓስካሉ ሲመጣ ቁጥሩ ቢያምታታው ነው እኔን ከገበዝ ማርያም ያስመጣኝ። ሲቀበለኝም አስጠንቅቆኛል፦ "አንድ ደንበኛ ብታስቀይሚ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ እናትሽ!"

ክንዱ ብረት አንስቶ የሞላሁትን ጎማ መታው። ዱፍ አለ። እኔ ያልነካሁትን የኋላውን መታ። ድንግ!

"ሰማሽ? ይሄ ልስልስ ብሏል። ይሄን ሁሉ በቆሎ ጭኜ ዱርቤቴ ሳልደርስ ሊፈነዳብኝ ነው?"

"ጎማ በጆሮ አይለካም፣ ጋሽ ክንዱ። ከበሮ መሰለዎት እንዴ?"

"አንች ሳትወለጅ ጀምሬ ነው የምነዳ!"

"እኔ ተወልጄ አደግሁ፤ እርስዎ ማካፈል አልቻሉም።"

"አንች ልጅ፣ አፍሽን!" አለ አጎቴ። እጁን በቱታው እየጠረገ መጣ።

"እንግዲያው አንተው ፍረደን፣ አጎቴ።" ጠመኔ አንስቼ ጎማው ላይ ጻፍኩ። ሰባት መቶ ሲካፈል ለመቶ፣ ሰባት። ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አጎቴ ቁጥሩን አየ። ክንዱን አየ። "ሂሳቡስ ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ደረቴን ነፋሁ። ክንዱ ጠመኔውን ዞር ብሎም አላየው። መለኪያውን ከእጄ መንጭቆ ከፍ አድርጎ ያዘው። ከጎማ አልተገናኘ፣ ከቱቦ አልተገናኘ። ዜሮ ላይ መሆን የነበረባት ቀስት ግን መቶ ላይ ቆማለች።

"ይሄስ ስንት ባር ነው?"

"አንድ።"

አጎቴ መለኪያውን ተቀበለው። ስንጥቋን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋት።

"መቼ ወደቀ?"

"ጠዋት።"

"ስንት ጎማ ሞላሽበት?"

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት አይሱዙ፣ አንድ ሚኒባስ፣ ያ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣው ሰውዬ መኪና... ሁሉም ሄደዋል። ሁሉም በየጎማቸው አንድ አንድ ባር ጎሎባቸው ሄደዋል። ጣቶቼ ሳላውቀው ተራ በተራ ይታጠፋሉ።

ክንዱ የንፋሱን ቱቦ ራሱ ከመሬት አነሳ።

"በከንቱ አትቁጠሪ" አለኝ። "የጎደለው ንፋስ በሙሉ አፍሽ ውስጥ ነው ያለው።"