መደርደሪያው ላይ የቀረው ጫማ

አፍሳር ሚርዛ በህንድ፣ በሉክናው ከተማ፣ ኢማምባራ የሚባል የአንድ ጥንታዊ የሺዓ ሙስሊሞች የሐዘን ሥርዓት ሕንጻ አስጎብኚዎች አለቃ ነው። ዛሚን ደግሞ በሩ ላይ ጫማ ጠባቂ ነው። ሁለቱ ከተጣሉ ቆይተዋል፤ የሉክናው ሰው ግን ሲሰዳደብም አንቱ ስለሚባባል ጎብኚዎች የሚዋደዱ ይመስላቸው ነበር።

ጠባቸው በጫማ ነው። ወደ ሐዘን አዳራሹም ሆነ ከበላዩ ወዳለው፣ የአገሩ ሰው «መጥፊያ» ወደሚለው የተጠላለፈ ጨለማ መተላለፊያ በጫማ አይገባም። አፍሳር ግን የጫማው ክምር ጎብኚ ያሸሻል፣ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ይምጣ እያለ የአስተዳደሩን ጸሐፊ ሲወተውት ከርሟል። ላስቲኩ ከመጣ ዛሚን ከአባቱ የወረሰውን ቦታ ያጣል። ውሳኔው ሐሙስ ነው ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ አፍሳር መጣ። ዛሚን እንደ ልማዱ ከመደርደሪያው ኋላ፣ ጋቢውን እስከ መሬት ለቆ ተቀምጧል። ከሁሉም በፊት ይመጣል፤ ከሁሉም በኋላ ይሄዳል።

«ዛሚን ሳሂብ፣ እርስዎም አፍንጫዎም የምታርፉበት ቀን ደረሰ» አለው አፍሳር ጫማውን እያቀበለው።

«አንደበትዎ ማር ነው ጌታዬ፤ ዝንብ የሚከብዎትም ለዚሁ ነው» አለ ዛሚን። «ግን ልጠይቅዎ። በር ስንዘጋ መጥፊያው ውስጥ ሰው መቅረቱን በምን እናውቃለን? ይቺን መደርደሪያ አይተን አይደለም?»

አፍሳር ሳቀ። እሱ ያስገባው ሰው ቀርቶ እንደማያውቅ ነግሮት አለፈ።

ከቀትር በኋላ አፍሳር ከካንፑር ከተማ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ይዞ ወደ መጥፊያው ወጣ። ነጋዴው ግዙፍ ነው። ደረጃው ላይ ሲያለከልክ አፍሳር «ዛሬስ ጎሽ ነው የምጎትተው» ብሎ ቀለደበት። ሰውዬው አልሳቀም። ጭቅጭቃቸው እስከ በሩ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ አፍሳር ብቻውን ወረደ፤ ነጋዴው ተቆጥቶ በሌላኛው ደረጃ መውረዱን ተናግሮ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። በዚያ ሰዓት የተማሪዎች ጭፍራ እየተጋፋ ይወጣ ስለነበር ማን እንደወጣ ማንም አላስተዋለም።

በር መዝጊያው ሲደርስ መደርደሪያው ላይ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ቀረ።

ዛሚን ጸሐፊውን አስጠራ። ነጋዴው ሲወጣ አለማየቱን፣ ጫማውን ሲረከብ የሰጠውንም የቆርቆሮ ቁጥር ማንም አለመመለሱን በቀስታ አስረዳ። አፍሳር ጫማውን አንስቶ አገላበጠና ለዚያ ሰው ይጠባል አለ።

«የጎሽም ኮቴ እኮ ከአካሉ ያንሳል፣ ጌታዬ» አለ ዛሚን።

ዘበኞቹና አስጎብኚዎቹ ጫማቸውን አወለቁ፤ የእጅ ባትሪ ይዘው ገቡ። ዛሚንም በባዶ እግሩ ተከተላቸው። የጥር ድንጋይ እንደ በረዶ ነው። አፍሳር ከፊት እየሮጠ «ጌታዬ! የት ነዎት?» ይላል፤ ግድግዳው የራሱን ድምፅ ይመልስለታል። መብራቱን ወደ እያንዳንዱ ስርቻ ሰደዱ። ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታችም አበሩ። ማንም የለም። አፍሳር ሲወርድ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሸሚዙ በዚያ ብርድ በላብ ርሶ ነበር።

ሰውዬው በእርግጥ ወርዷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ እያለ ማለ። ጸሐፊው እጁን ሰዶ የአለቃነቱን ምልክት ከደረቱ ነቀለ።

«ሰው ጨለማ ውስጥ ጥለህ ሻይ ትጠጣለህ?» አለው።

ዙሪያውን የቆሙት አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ግቢ አፍሳር ሚርዛን አንተ ያለው ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው ቡናማውን ጫማ ለፖሊስ ሊሰጥ በጋዜጣ ጠቀለለው። የላስቲኩ ነገር መቅረቱንም እዚያው ተናገረ፤ ይህ መደርደሪያ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር ብሎ የዛሚንን ትከሻ መታ አደረገ። ዛሚን እጅ ነሣ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ጫማውን አቀበለ። የአፍሳርን በመዳፉ አቧራውን አራግፎ፣ በሁለት እጁ ሰጠው።

ሁሉም ሲሄዱ በሩን ቆልፎ በጭጋጉ ውስጥ ወደ ቤቱ አዘገመ።

በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ወደ ታች አየችና «ምነው፣ ጫማዎን የት ጣሉት?» አለችው።