የኢወን የድንች መደቦች

ሩሪ ትራክተሩን ከሣሩ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። እናቱ ማርሳሊ ጥቁር ሻሏን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀድማው ቆማለች። ማታ እራት ላይ «በቃ እረሰው» ብላው ነበር። እሱም ሐሳቧን ሳትቀይር ልድረስ ብሎ ጎህ ሲቀድ ተነሣ፤ እሷ ግን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አድራ ከሱ በፊት ወጥታለች።

«ሐሳብሽን ቀየርሽ እንዴ እማ?»

«አልቀየርኩም። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ብርድ ነው፤ ቤት ብትሆኚ አይሻልም?»

«ስለ ብርድ ለኔ ታወራለህ? አንተ ሳትወለድ ነው እኮ ከዚህ ብርድ ጋር የተዋወቅነው።»

ከዚህ ጥግ በስተቀር በእርሻቸው ላይ የትራክተር ማረሻ ያልነካው መሬት የለም። ሣር የለበሱ ረዣዥም ጉብታዎች፣ በመካከላቸው ቦይ እየለያቸው፣ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የማርሳሊ አባት ኢወን በእጁና በእግሩ የሠራቸው የድንች መደቦች ናቸው። ሩሪ ሊዘራ በወጣ ቁጥር እዚህ ሲደርስ መጠምዘዝ አለበት፤ በተጠመዘዘ ቁጥርም ይራገማል። አምና የመዝሪያ ማሽኑ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተሰብሮበታል። ማርሳሊ ልጇ እውነት እንዳለው ታውቃለች። ያናደዳትም እውነቱን መሆኑ ነው።

ከአንዲት የስኮትላንድ ደሴት ባሕር ተሻግረው ወደዚህ ወደ ማኒቶባ ሜዳ ሲመጡ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። ባለርስቱ መሬቱን ለበጎቹ ስለፈለገው ቤተሰቡ መርከብ ተሳፈረ። በደሴቱ አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ የማያባራ ዝናብ። ስለዚህ ሰዉ በእግር በሚገፋ ጠማማ ማረሻ አፈሩን ይቆልላል፣ ከባሕር የወጣ አረም ለማዳበሪያ ያለብሰዋል፣ ውሃውም በቦዩ ይወርድለታል። ኢወን ሌላ እርሻ አያውቅም። በዚህ ጥልቅ ጥቁር አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚናፈቅበት አገር፣ ያንኑ ሠራ። ባሕር ስለሌለም ልጆቹን የኩሬ አረም በቅርጫት አሸከማቸው። ሽታው እስከ ዛሬ ከማርሳሊ አፍንጫ አልወጣም።

ጎረቤቶች በፈረስ መጥተው ጉብታዎቹን አዩና፣ «ማን ሞተባችሁ?» አሉ።

«እስካሁን ማንም፤ ቦታው ግን ተዘጋጅቷል» አላቸው ኢወን።

ያን ዓመት ከሰማይ ጠብታ ሳይወርድ ቀረ። ውሃ እንዲያወርዱ የተሠሩት መደቦች ያለችውንም እርጥበት አወረዷት። ድንቹ የርግብ እንቁላል አክሎ ወጣ፤ እናቷም ከነልጣጩ ቀቅላ አቀረበችው።

«እንደ አገራችን ድንች ነው» አለ ኢወን እያኘከ።

«አዎ፣ እዚያም እንዲሁ ነበር የሚርበን» አለችው ሚስቱ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ኢወንም ስቆ ሲያበቃ ወጣ ብሎ፣ እሳቱ እስኪከስም ሳይመለስ ቆየ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደ ጎረቤቶቹ ሜዳውን አርሶ ስንዴ ዘራ፤ ቀናውም። መደቦቹን ግን አላፈረሳቸውም። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ጠማማ ማረሻውን ይዞ ይሄድና፣ ምንም ለማይዘራባቸው መደቦች አፈር ሲያለብስ ይውላል። ሚስቱ «ዛሬ ደግሞ ለማን ነው የምታርሰው?» ትለዋለች። «ለእግሬ ነው፤ እንዳይረሳ» ይላታል። አንድ ቀን አገሩ እንደሚመለስ ያስብ ነበር። ሳይመለስ ሞተ፣ ሣሩም መደቦቹን ለበሳቸው፤ ማርሳሊም እስከ ትናንት ማታ ድረስ ማንም እንዲነካቸው አልፈቀደችም።

«ልጀምር እማ?»

«ጀምር።»

ሩሪ እግሩን መወጣጫው ላይ ሲያሳርፍ፣ «ቆይ» አለችው።

«አውቄው ነበር» አለ ሩሪ በረዥሙ ተንፍሶ።

«ምኑን ነው ያወቅከው? ና ደግፈኝ፤ ልወጣ ነው።»

«የት?»

«እዚህ ብረትህ ላይ ነዋ። ማረሻህን አንሣና አንድ ጊዜ በላያቸው ውሰደኝ። ከዚያ በኋላ ያሻህን አድርግ።»

«ወድቀሽ ብትሰበሪ ሚስቴ ትገድለኛለች።»

«አትገድልህም፤ ስታወራብህ ትኖራለች እንጂ። ደግፈኝ አልኩህ።»

ከመቀመጫው አጠገብ፣ የጎማው ሽፋን ላይ አስቀመጣት። ክንዱን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«በርዝመታቸው ልሂድ?»

«አይሆንም። አቋርጣቸው።»

የትራክተሩ አፍንጫ በመጀመሪያው መደብ ላይ ቀና አለ፤ ወዲያው ወደ ቦዩ አዘነበለ፤ ደግሞ ቀና አለ። ማርሳሊ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷ ጉልበት ከሥሯ አለ፤ የረጠበው የሱፍ ቀሚስ ይሸታታል፤ ከመርከቡ ሆድ ሴቶች በደሴቱ ቋንቋ ሲያንጎራጉሩ ትሰማለች። ቀና፣ ዝቅ፤ ቀና፣ ዝቅ። መልኳን በቅጡ የማታስታውሳት አገር አንጀቷን እስኪበላት ናፈቀቻት።

«እማ፣ ሆዴን አገላበጠኝ» አለ ሩሪ።

ማርሳሊ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። «አባቴም መርከቡ ላይ እንደዚሁ ነበር። ገና ደሴቷ ከዓይናችን ሳትሰወር ነው ባልዲ የታቀፈው።»

ሩሪ ከኩሬ የሰፋ ውሃ አይቶ አያውቅም። የሚቀጥለውን መደብ እየወጣ፣ «ባሕር እንዲህ ነው?» አላት።

«እንዲህ ነው።»

የመጨረሻውን ቦይ አልፈው ለጥ ወዳለው እርሻ ወጡ። ማርሳሊ ዓይኗን ገልጣ በሻሏ ጫፍ ጠረገችው። «በቃኝ። አሁን አውርደኝና ሥራህን ሥራ።»

ሩሪ እጁን ማረሻውን ወደሚያወርደው ዘንግ ሰደደ። ዘንጉን ይዞ ከፊቱ የተዘረጋውን ደልዳላ ሜዳ አየው፤ ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ መደቦቹን አየ። እጁን ከዘንጉ አነሣና መሪውን እስከ መጨረሻው አዞረው።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ እማ፤ አንዴ እንድገመው» አለ።

ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ መደቦቹ መልሶ ቀና አለ፤ ማረሻው እንደተነሣ ነው።